ጋውስያን አልደረሰኝም፤ ኦርካም ፍሪኩዌንሲ ላይ ይሞትብኛል

ጠያቂያችን የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ናት። የሞለኪውሎችን ቅርጽና ኃይል የሚያሰላው ሶፍትዌር ጋውስያን 16 በዲፓርትመንቷ ያለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ወረፋው አይቀመስም። ጓደኛዋ ክራክ የተደረገውን (ያለፈቃድ የሚሠራውን) በፍላሽ ላምጣልሽ ብሏታል። እስከዚያው ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ኦርካን ላፕቶፗ ላይ ጫነች። ጂኦሜትሪው (የሞለኪውሉን የተረጋጋ ቅርጽ መፈለጉ) በሰላም ያልቃል፣ ፍሪኩዌንሲው (የንዝረቱ ስሌት) ላይ ግን ስሌቱ ይቋረጣል። ላፕቶፗ 16 ጊጋባይት ራምና 8 ኮር አለው። ለኦርካ የሰጠችውን የግብዓት ፋይልም ልካልናለች።

እህቴ፣ ፍላሹን ተይው። ቫይረሱ አንድ ነገር ነው፤ ውጤቱ ሲያጠራጥርሽስ ማንን ትጠይቂያለሽ? ይልቅ የኮምፒውተሩን ኃላፊ ከርቀት የምትገቢበት አካውንት ጠይቂ፤ ከግቢ ውጭ የምትሠሪ ከሆነ ቪፒኤንም ጨምረሽ። የአማካሪሽን ፊርማ ያለበት ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ። ባዶ እጅ የሄደ ተማሪ ብዙ ጊዜ "ነገ ተመለሽ" ነው የሚባለው።

ኦርካን መሞከርሽ ጥሩ ነው። ለአካዳሚክ ሥራ በነጻ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ኢሜይልሽ ተመዝገቢና አውርጂ። ችግሩ ከላክሽው ፋይል ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የሜሞሪው መጠን በሚጻፍበት፣ ማክስኮር በሚለው ቦታ 12000 ጽፈሻል። ጋውስያን ላይ የለመድሽው ነው፤ እዚያ የሚጻፈው ሜሞሪ ለስሌቱ በሙሉ ነው። ኦርካ ግን ቁጥሩን በሜጋባይት ለእያንዳንዱ ኮር ነው የሚቆጥረው። በ8 ሲባዛ 96 ጊጋ ፈቅደሽለታል! ጂኦሜትሪው ያን ያህል ስለማይፈልግ አለፈ፤ ፍሪኩዌንሲው ግን ሜሞሪ ይበላል።

ኮሩን 4፣ ማክስኮሩን 2500 አድርጊው። 10 ጊጋ ሆነ። ኦርካ አንዳንዴ ከተሰጠው ያልፋል፣ ዊንዶውስና ያ የማይዘጋው ክሮምም ድርሻቸውን ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ትርፍ ተይለት። ጂኦሜትሪውን እንደ አዲስ አትጀምሪ። የመጨረሻው ቅርጽ በኤክስዋይዚ ፋይል ተቀምጧል፤ ከዚያ ተነሺና በዚያው ሜተድ (የስሌት ዘዴ)፣ በዚያው ቤሲስ ሴት (ኤሌክትሮኖቹ የሚገለጹባቸው ፈንክሽኖች) ፍሪኩዌንሲውን ብቻ አስኪጂ። መብራት ሄዶ ጂኦሜትሪው መሃል ላይ ቢቋረጥብሽም ይኸው ፋይል ያድንሻል።

ከሁሉ በላይ የምፈራልሽ ሌላ ነው። ግማሹን ሞለኪውል በጋውስያን፣ ግማሹን በኦርካ ሠርተሽ ኃይላቸውን አንድ ሰንጠረዥ ውስጥ እንዳታስገቢ። ሁለቱም የስሌት ዘዴውን ቢ3ኤልዋይፒ ይላሉ፤ ውስጡ ግን አንድ አይደለም። ጋውስያን ቪደብልዩኤን ከሚባሉት የዘዴው ክፍል ቀመሮች 3ኛውን ይጠቀማል፣ ኦርካ 5ኛውን። የጋውስያኑን ዓይነት ከፈለግሽ ከስሙ ቀጥሎ ስላሽና ጂ ጻፊ። ያም ሆኖ ኦርካ ከ5ኛው እትም ጀምሮ ስሌቱን የሚያፈጥን ግምታዊ ዘዴ በራሱ ስለሚያስገባ ቁጥሮቹ ልክ በልክ አይገጥሙም። የሚነጻጸሩትን ሁሉ በአንዱ ጨርሺ።

ፋይሉን ራሱን በመላክሽ ነው ቶሎ ያገኘነው። ለዲፓርትመንቱ ቴክኒሻን ስትጽፊም እንዲሁ አድርጊ፤ የግብዓት ፋይሉን፣ የውጤቱን የመጨረሻ 50 መስመርና የሶፍትዌሩን እትም። ስክሪኑን በስልክ አንስተሽ በቴሌግራም መላክ ግን ይቅርብሽ። ከፎቶ ላይ ኤረሩን ኮፒ አድርጎ መፈለግ ያስቸግራል።