ዝም ብዬ ስለ ወጣሁበት ስብሰባ፤ ለወጣት መሐንዲሶች

ባለፈው ወር አዲስ አበባ ካሉ ወጣት መሐንዲሶች ጋር በበይነ መረብ ተገናኝተን ስንወያይ፣ አንዲት ልጅ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ስለ አንድ ሕንጻ ማፍረስ በተጠራ ስብሰባ ላይ የቀረበው ስሌት ስህተት መሆኑን እያወቅኩ ዝም ብዬ ወጣሁ። ሕንጻው እንዲፈርስ እኔም እፈልግ ስለነበር ምን አገባኝ አልኩ። ጥፋት ነው?» እኔም ጊዜ አልቋል በሚል ሰበብ ሁለት የማይረቡ ዓረፍተ ነገሮች ተናግሬ አለፍኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለልጅቱ ያልመለስኩላትን ለመመለስ ነው፤ ስለ ትጋት፣ ሰዓት ስለ ማክበርና ስለ ንባብ ግን ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋልና እኔ አልደግመውም።

እኔም አንድ ጊዜ ዝም ብዬ የወጣሁበት ስብሰባ አለ፤ ጉዳዩም የሌኒን ሐውልት ነበር። የአዲስ አበባውን ማለቴ አይደለም፤ ወደ እሱም እመጣለሁ። የምናገረው በምሥራቅ በርሊን፣ ፍሪድሪሽስሃይን በሚባለው ወረዳ፣ በሌኒን አደባባይ ቆሞ ስለነበረው ነው። ቁመቱ 19 ሜትር ነበር፤ ከዩክሬን በመጣ ቀይ ግራኒት የተሠራ ሲሆን፣ ሌኒን ከጀርባው ከድንጋይ የተጠረበ ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ይታይ ነበር። ቀራጩ ኒኮላይ ቶምስኪ ሲሆን በዘመኑ የሶቪየት ኅብረት የሥነ ጥበብ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ነበር። ሐውልቱ የተመረቀው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1970፣ የሌኒን መቶኛ የልደት በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የምሥራቅ ጀርመን መሪ ቫልተር ኡልብሪሽት በተገኘበትና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሥነ ሥርዓት ነው። አደባባዩን የከበቡት ረጃጅም የመኖሪያ ሕንጻዎች በታዋቂው አርክቴክት ሄርማን ሄንዘልማን ንድፍ መነሻነት የተሠሩ ስለነበሩ፣ ድንጋዩና ቤቶቹ አብረው የታሰቡ፣ አንዱ ሌላውን የሚያስታውስ ሥራ ነበር። ይህን የምለው እንደ ባለሙያ ነው። እንደ ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠልቼው ነበር።

ለምን እንደ ጠላሁት መናገር ይኖርብኛል። ታላቅ ወንድሜ በቀይ ሽብር ዘመን አንድ ማለዳ ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም። እኔ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ መንግሥት ወክዬ፣ በወዳጅ አገር ስኮላርሺፕ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ምሥራቅ ጀርመን ገባሁ። እንዲህ ያለ ዕዳ ተሸክሞ መማር ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። እናቴ ስትሸኘኝ «ተማር፤ ግን አትመን» ብላኝ ነበር። እኔም ተማርኩ፤ በዚያ አደባባይ ባለፍኩ ቁጥር ግን ራሴን ዘንበል አድርጌ አልፍ ነበር እንጂ ቀና ብዬ አላየውም።

ቀና ብዬ እንዳየው ያደረገኝ አንድ መምህራችን ነው። በወጣትነቱ በሐውልቱ ግንባታ ላይ የሠራ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ኮቱ ዘወትር በኖራ የነጣ ሰው ነበር። አንድ ቀን ስለ ድንጋይ ግንባታ ሲያስተምረን ሐውልቱን ከላይ እስከ ታች ቆርጦ በሰሌዳው ላይ ሣለውና ብሎኮቹ እንዴት እርስ በርሳቸው እንደ ተያያዙ አሳየን። አንዱ በሌላው ላይ ዝም ብሎ የተደረደረ አልነበረም። «ድንጋዩን ማንም ያያል፤ እናንተ ድንጋዩን የያዘውን እዩ» አለን። እኔ ያን ሥዕል በደብተሬ ገለበጥኩት። ለሥርዓቱ ያለኝ ጥላቻ ለሥራው ያለኝን አድናቆት ሊያጠፋው እንዳልቻለ ያን ዕለት ገባኝ፤ መግባቱም አናደደኝ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 1991 መጣ። እኔ ተመርቄ በምሥራቅ በርሊን በአንድ የዲዛይን ቢሮ እሠራ ነበር። በእኛ ግንቦት 13 ቀን 1983 ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥሎ ወጣ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በአዲስ አበባ፣ ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ ቆሞ የነበረው ሌኒን ከመሠረቱ ወረደ። ያ ሐውልት ከተተከለ ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ወደ ቦሌ አቅጣጫ የሚራመድ ይመስል ስለነበር፣ የሸገር ቀልደኛ «ለሊቀመንበሩ የአየር ማረፊያውን መንገድ ያሳየው እሱ ነው» ይል ነበር። እኔ ያን ቀን በርሊን፣ በቴሌቪዥን ፊት ቆሜ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ከሳምንታት በኋላ ከእናቴ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ጎረቤት ጽፎላት ነው። ስለ ሐውልቱ የነበረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ያ ሰውዬም ተነሣ አሉ፤ ልጄን ግን ያመጣልኝ የለም።»

በዚያው ዓመት መኸር የበርሊኑም ተራ ደረሰ። የወረዳው ምክር ቤት ሐውልቱ እንዲነሣ ወሰነ፤ ከንቲባው ኤበርሃርድ ዲፕገን ውሳኔውን ደገፈ፤ ሐውልቱም ከቅርስ መዝገብ ተሰረዘ። ነዋሪዎች ግን ሁለት ሆኑ። አንዳንዱ ይፍረስ አለ፤ ሌላው፣ ሌኒንን የማይወደው ጭምር፣ «ሳንጠየቅ ሠሩት፤ ሳንጠየቅ ያፈርሱታል» ብሎ ተቃወመ። ለክርክሩ በሰፈሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራና እኔም ከመምህሬ ጋር ሄድኩ። በዚያን ጊዜ መምህሬ ሥራውን አጥቶ ነበር፤ ከሁለቱ ጀርመኖች ውሕደት በኋላ እንደ እሱ ከየተቋሙ የተሰናበተው ብዙ ነው።

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሁሉም ካፖርቱን እንደ ለበሰ ተቀመጠ። አንድ ባለሥልጣን ወረቀት ይዞ ተነሣና ሥራው በጥቂት ሳምንታት እንደሚያልቅ፣ ወጪው ቀላል እንደሆነ፣ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ በክሬን እንደሚነሡ አነበበ። ሰውየው ብሎኮቹ የተደረደሩ ብቻ መስለውት እንደነበር ወዲያው ገባኝ። መምህሬ ወደ እኔ ዞረና በዝግታ፣ «አንተ ብትናገረው ይሻላል» አለኝ። ለምን እንዲህ እንዳለ ያኔም አልጠፋኝም። እሱ ቢነሣ ገና አፉን ሳይከፍት «ያረጀ የፓርቲ ሰው ለሌኒን ይሟገታል» ይባላል። እኔ ግን በቀይ ሽብር ወንድሙን ያጣ አፍሪካዊ ነኝ፤ ማንም በምንም ሊጠረጥረኝ አይችልም። እውነቱን ያለ ጥርጣሬ ሊያስቀብል የሚችለው የእኔ አፍ ብቻ ነበር።

አልተነሣሁም። ሰብሳቢው «ሌላ ጥያቄ ያለው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ በሦስተኛው ጊዜ የፊቴን ወንበር ጀርባ እያየሁ ነበር። መምህሬ ሌላ ቃል አልጨመረም። ስንወጣ ዝናብ ያካፋ ነበር፤ ጃንጥላውን ለሁለታችን ዘርግቶ እስከ ትራም ማቆሚያው ሸኘኝና «የመኖሪያ ፈቃድህ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምክንያቴን እሱ ራሱ አዘጋጅቶ በእጄ ሰጠኝ ማለት ነው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ምክንያቱ በርግጥ እውነት ነበር። በዚያው ሴፕቴምበር ሆየርስቬርዳ በምትባለው ከተማ የውጭ አገር ሠራተኞች መኖሪያ ለቀናት በድንጋይና በእሳት ሲጠቃ፣ ሰፈርተኛው ቆሞ ሲያይ በቴሌቪዥን አይተናል። ጥቁር ሰው በምሥራቅ ጀርመን አዳራሽ ውስጥ ተነሥቶ መናገር ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ሙሉው እውነት ይህ አይደለም። ዝም ያልኩት በዋናነት እንዲሳሳቱ ስለ ፈለግኩ ነው። ሐውልቱ በማናቸውም መንገድ ይውደቅ እንጂ ስሌቱ ምን ቸገረኝ ብዬ ነበር። በሙያዬ የማውቀውን ነገር ለጥላቻዬ አበደርኩት።

ማፍረሱ ኖቬምበር 8 ተጀመረ። የሌኒን ራስ የወረደው ኖቬምበር 13 ነበር፤ የቀረው አካል ግን በጥቂት ሳምንታት አላለቀም፤ እስከ ፌብሩዋሪ 1992 ቆየ። ሐውልቱ ወደ 130 በሚጠጉ ክፍሎች ተቆራርጦ በጭነት መኪና ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ወዳለ ጫካ ተወሰደና በአሸዋ ጉድጓድ ተቀበረ። አደባባዩም በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት አደባባይ ተባለ። መምህሬ በእነዚያ ወራት በየማለዳው እየሄደ፣ አጥሩን ተደግፎ፣ በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ አገኘሁትና ምን እንደሚጽፍ ጠየቅኩት። «የትኛው ድንጋይ መቼ እንደ ወረደና ምን ያህል እንዳስቸገረ» አለኝ። ማንም ያዘዘው፣ ማንም የሚከፍለው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ መሄድ ተውኩ፤ ወደ ቢሮዬ በሌላ ትራም መመላለስ ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ስለ እናንተ ትውልድ አንድ ነገር ብናገር አትቀየሙኝ። ሕንጻ ሲፈርስ ሁላችሁም ስልካችሁን አውጥታችሁ ትቀርጻላችሁ፤ ሐዘናችሁንም ደስታችሁንም በዚያው ሰዓት ትለጥፋላችሁ። ሜትር ይዞ የሚሄድ ግን አላየሁም። የፈረሰው ግድግዳ ውፍረቱ ስንት ነበር፣ በምን ጭቃ ተገነባ፣ የጣሪያው እንጨት ምን ነበር ብዬ ብጠይቃችሁ ቪዲዮ ትልኩልኛላችሁ። እኛ ግን የተሻልን ነበርን ማለቴ አይደለም፤ ሜትር በኪሴ እያለ ሌላ ትራም የተሳፈርኩት እኔ ነኝ።

ልጄ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ሕንጻው ይፍረስ ወይስ ይቁም የሚለው የአንቺ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ስለሱ እንደ ማንኛውም ዜጋ ዝም ማለትም መናገርም መብትሽ ነው። ስሌቱ ግን የአንቺ ነው። መፍረሱን የምትፈልጊ ከሆነ እንዲያውም ይበልጥ የአንቺ ነው፤ ምክንያቱም ከተቃዋሚ የመጣ እርማት እንደ ማደናቀፊያ ይቆጠራል፤ ከደጋፊ የመጣው ግን ይሰማል። ተነሥተሽ ቁጥሩን ብቻ ተናገሪና ንግግርሽ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ጠይቂ። ከዚያ በላይ ጀግንነት አልጠይቅሽም። እኔ ራሴ በአርባ ዓመት የሥራ ዘመኔ ከተናገርኩት ይልቅ ዝም ያልኩት ያተረፈኝ ጊዜ እንደሚበዛ አልክድም፤ አለቃሽ ክፉ ከሆነ በጽሑፍ ስጪው፤ እሱም የማይቻል ከሆነ ቢያንስ በራስሽ ደብተር ቀን ጽፈሽ አስቀምጪው። ይህ የመጨረሻው ምክር የፈሪ ምክር መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ደብተሩ ከምንም ይሻላል።

ምን ያህል እንደሚሻል ያየሁት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የከተማው አስተዳደር ከየአደባባዩ የተነሡ ሐውልቶችን በአንድነት ለማሳየት ሲያስብ የሌኒንን ራስ ፈለገ፤ መጀመሪያ የተሰጠው መልስም የተቀበረበት ትክክለኛ ቦታ አይታወቅም የሚል ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ብቻ ነው ያለፈው፤ ያውም በጀርመን አገር፣ ለእያንዳንዱ ዛፍ ፋይል ባለበት! ቀደም ሲል በግሉ ቆፍሮ ያገኘው አንድ የፊልም ሠሪ ቦታውን አውቃለሁ ብሎ ወጣ። ቦታው ከታወቀ በኋላ ደግሞ በዚያ አሸዋ ላይ በሕግ የተጠበቁ እንሽላሊቶች ሰፍረው ስለነበር ቁፋሮው እነሱ እስኪዛወሩ ዘገየ። ሌኒን ላይ ማንም ያልተስማማውን ያህል በእንሽላሊቶቹ ጉዳይ ሁሉም በመስማማቱ ብዙ ሳቅን። በመጨረሻ በሴፕቴምበር 2015 ሦስት ቶን ተኩል የሚመዝነው ራስ ከመሬት ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመትም በዚያው በበርሊን ባለው በሽፓንዳው ምሽግ ለሕዝብ ታየ።

ሐውልቱን ለማየት ብቻዬን ሄድኩ። ራሱ እንደ ተገኘ በጎኑ ተጋድሞ ነው ያለው፤ ጎብኚ በእጁ ሊነካው ይፈቀድለታል። ልጆች ጆሮውን ሲዳስሱ አየሁ። አናቱ ላይ ለማንሻ የተተከሉት የብረት ዘንጎች አሁንም ወጥተው ይታያሉ። ያን ያህል ዘመን ስጠላው የኖርኩት ፊት በደረቴ ትይዩ ሆኖ ሳየው ወንድሜንም እናቴንም አላሰብኩም፤ ያሰብኩት በሰሌዳው ላይ የነበረውን ሥዕል ነው። ከኪሴ ሜትር አውጥቼ የዘንጎቹን ውፍረትና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለካሁ። ጠባቂው ቀርቦ «መንካት ይቻላል፤ መውጣት ግን ክልክል ነው» አለኝና ሄደ። ልኩን በወረቀት ጻፍኩ፤ ቀኑንም ከሥሩ አሰፈርኩ። መምህሬ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ስለነበር የምልክለት ሰው አልነበረም፤ አጣጥፌ ያንን ሥዕል በገለበጥኩበት የተማሪነት ደብተሬ ውስጥ፣ በዚያው ገጽ ላይ አስቀመጥኩት።