ስለ ቆቃ ግድብ ጠይቁ፣ የማውቀውን ልመልስ

ክረምት በገባ ቁጥር ስለ ቆቃ ብዙ ይጠየቃል። የደረሱኝን ጥያቄዎች በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ግድቡ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይደረመሳል ብለን እንስጋ?

መልስ፦ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ የተሠራውም ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ። ክትትልና ጥገና ካልተጓደለበት ኮንክሪት ከዚህም በላይ ዕድሜ አለው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከግንቡ ኋላ የተኛው ደለል ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን አይጠረግም?

መልስ፦ ሐይቁ ሲጀመር 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዝ ነበር። ዛሬ ከሩብ በላዩን አፈር ወስዶታል። 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ብቻ እናውጣ ብንል እንኳ፣ 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖትራክ ከ6 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይመላለሳል። የትስ ይደፋል? ሥራው ያለው ከላይ፣ ከተፋሰሱ ነው። እርከን ይሠራ፣ ቦረቦሩ ይከተር፣ የወንዙ ዳር አይታረስ። ሐምሌ ላይ ሞጆ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል እዩ። ጭቃ ነው የሚፈሰው። ያ የገበሬው ማሳ ነው፤ ሐይቁም ገበሬውም አብረው ይጎዳሉ።

ጥያቄ፦ የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት እያለን የቆቃ 43 ምን ይሠራል? ለምን አይዘጋም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሜጋዋቱን ብቻ አትቁጠር። ቆቃ የክረምቱን ውሃ ይዞ በበጋ ይለቃል። ያው ውሃ በአዋሽ ወንዝ ወርዶ ከታች ያሉትን የአዋሽ 2ንና የአዋሽ 3ን የኃይል ማመንጫዎች ተርባይኖች ያዞራል፣ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል፣ ለአዳማ ቧንቧም ይደርሳል።

ጥያቄ፦ አዳማ ጉድጓድ ብትቆፍር አይሻልም?

መልስ፦ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። በወንጂ አካባቢ ጥርሳቸው የበለዘ ሰዎችን ያየ ይህን ያውቃል።

ጥያቄ፦ እናቴ ሐይቁ ዳር ነው የምትኖረው። ውሃውን አፍልታ ብትጠጣ ይበቃል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይበቃም። ማፍላት ጀርም ይገድላል። አረንጓዴው አልጌ የሚያመነጨውን መርዝ ግን አያጠፋም። የአቃቂና የሞጆ ፍሳሽም እዚያው ነው የሚገባው። ታክሞ የመጣ የቧንቧ ውሃ ፈልጉላት። ውሃው ላይ አረንጓዴ ነገር ከሰፈፈ ከብቶቹም ከዚያ አይጠጡ።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ በሩን ከፍተው ማሳችንን ያስበሉናል። ለምን?

መልስ፦ ደለሉ ቦታውን ስለያዘ ሐይቁ ቶሎ ይሞላል። ሞልቶ በግንቡ አናት ከሚፈስ መልቀቅ ግዴታ ነው። ግን ቀደም ብሎ በጥቂት በጥቂቱ መልቀቅ ይቻላል። ከመልቀቅ በፊት ደግሞ በየቀበሌው ማስጠንቀቂያ መድረስ አለበት። ይህን አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።