አማካይ ወይስ አማካኝ?

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ በአማርኛ ሒሳብ አስተምራለሁ። የስታቲስቲክስ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼ ‹አማካኝ› ብለው ይጽፋሉ፤ እኔ ‹አማካይ› እያልሁ አርማለሁ። አንድ ባልደረባዬ ግን ‹ሁለቱም ልክ ነው፤ አማካይ የኳስ ተጫዋች ነው፣ አማካኝ ደግሞ ቁጥር ነው› ይላል። ማን ነው ትክክል? ቁጥሮች በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚውለውን፣ ሚዲያን የሚባለውንስ ‹መካከለኛ› ብለው ያስኬዳል? የምዕራፉን ርእስ ‹የመረጃ አያያዝ› ከማለት ‹ውሂብ› ማለት ይሻላል የሚሉም አሉ።»

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ቀይ እስክሪብቶዎን አያስቀምጡ፤ እርማትዎ ትክክል ነው። ከብዙ ጥያቄዎች መካከል የእርስዎን ያስቀደምሁት «በአማካኝ ይህን ያህል ኩንታል»፣ «በአማካኝ ይህን ያህል ዲግሪ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬን ስለሚቆረቁረኝ ነው። ዓመታት አልፈውም አልለመድሁትም።

ነገሩ ከግሱ ይጀምራል። ግሱ «አማከለ» ነው፤ ወደ መሀል አመጣ፣ መካከል አደረገ ማለት ነው። በግእዝ አድራጊውን የሚናገረው ሣልስ ቅጽል «ከፋሊ»፣ «ቀታሊ» እያለ በሣልስ ይጨርሳል። አማርኛ ይህን የመጨረሻ ሣልስ ከፊቱ ካለው ተነባቢ ጋር አዋሕዶ ላንቃዊ ድምፅ ያወጣለታል። «ደ» ወደ «ጅ» ይሄዳል፦ ወሰደ፣ ወሳጅ። «ሰ» ወደ «ሽ»፦ አረሰ፣ አራሽ። «ጠ» ወደ «ጭ»፦ ሸጠ፣ ሻጭ። «ነ» ወደ «ኝ»፦ ለመነ፣ ለማኝ። «ለ» ደግሞ ወደ «ይ»፦ ከፈለ፣ ከፋይ፤ ገደለ፣ ገዳይ፤ ተከለ፣ ተካይ። ስለዚህ «አማከለ» ብሎ «አማካይ»። ግብር የሚከፍለውን ሰው «ግብር ከፋኝ» የሚለው የለም፤ «ለ» «ኝ»ን አይወልድምና።

«አማካኝ» ልክ እንዲሆን «አማከነ» የሚል ግስ ያስፈልገዋል። ይህንን ለተማሪዎችዎ በሰሌዳ ላይ ያሳዩአቸው። «ተማሪን ያማከለ ትምህርት» ይጻፉ፤ ከሥሩ «ያልተማከለ አስተዳደር» ይጻፉ። ከዚያ «ለ»ን በ«ነ» ተክተው ያንብቡላቸው። «ያልተማከነ አስተዳደር» ሲባል ሲሰሙ ሕፃናቱ ራሳቸው ይስቃሉ። ኝ ያለበት የቅርብ ዘመድ ብንፈልግ የምናገኘው «አመካኘ»ን ነው፤ እርሱም የ«ምክንያት» ወገን ነው። አመካኝ ሰበብ ፈላጊ ነው፤ ድምርን ለብዛት ከማካፈል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ስሕተቱ ከየት መጣ? በእኔ ግምት ከ«አገናኝ» ነው። ድምፁ ተመሳሳይ ነው፤ ትርጉሙም በሁለት ነገሮች መካከል የሚቆምን ስለሚያሳይ ይቀራረባል። «መካከለኛ»ም ሳይገፋፋ አልቀረም። ነገር ግን የ«መካከለኛ» «ኛ» እንደ «ኃይለኛ»ና «ነገረኛ» በስም ላይ የሚቀጠል ምዕላድ ነው፤ ከግስ ከሚወጣው «ኝ» ጋር ዝምድና የለውም። የ«መካከለኛ»ም የ«አማካይ»ም ሥር ግእዙ «ማእከል» ነው። (በአልፋው እ ነው የሚጻፈው፤ ዛሬ በዐይኑ «ማዕከል» የሚባለው በልማድ ነው።) አማርኛ ጉሮሮአዊውን ድምፅ ጥሎ፣ ካፉን ደርቦ «መካከል» አለው። ማዕከላዊ፣ መካከለኛ፣ አማካይ የአንድ አያት ልጆች ናቸው።

ወደ ባልደረባዎ ልምጣ። ይህን ክርክር ከእርሳቸው በፊትም ከሌሎች ሰምቻለሁ፦ ቃሉ ለሁለት ከተከፈለ ግልጽነት ይጨምራል የሚል ነው። እኔ አልቀበለውም። የኳሱ አማካይ በተከላካዩና በአጥቂው መካከል የሚቆም ነው፤ የሒሳቡ አማካይ የተበተኑትን ቁጥሮች ወደ መሀል የሚሰበስብ ነው። ሥራቸው አንድ ስለሆነ ስማቸው አንድ ቢሆን ምን ይጎዳል? ደግሞ የኳስ ሜዳው ራሱ ይመሰክራል። «ተከላካይ» ከ«ተከላከለ» የወጣው በዚያው በ«ለ» እና «ይ» ሕግ ነው፤ «ተከላካኝ» ያለ ጋዜጠኛ አልሰማሁም። ከአማካዩ ጎን የተሰለፈው ተጫዋች ሕጉን ሲጠብቅ ቁጥሩ የሚያፈርስበት ምክንያት የለም።

ይሁን እንጂ እውነቱን መሸሸግ አይገባኝም። «በአማካኝ» ዛሬ በጋዜጣም፣ በሪፖርትም፣ በተማሩ ሰዎች ንግግርም ገብቷል። አዲስ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ሊያልፈው አይችልም፤ መመዝገብ አለበት። ሰው ሁሉ የሚረዳውን ቃል «የለም» ማለት አይቻልም። እኔ ግን አልጽፈውም፤ ተማሪም ሲጽፈው ባየሁ አርማለሁ።

አሁን ወደ ሚዲያን። «መካከለኛ» አይሆንም፤ እዚህ ላይ ከባድ ጉዳት አለው። አምስት ሠራተኞች ያሉበት ዳቦ ቤት ያስቡ። የወር ደመወዛቸው 4,000፣ 4,500፣ 5,000፣ 5,500 እና የሥራ አስኪያጁ 31,000 ብር ነው። ድምሩ 50,000፣ አማካዩ 10,000 ይሆናል፤ 10,000 ብር የሚቀበል ግን በዳቦ ቤቱ ውስጥ አንድም የለም። በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚገኘው፣ ማለትም ሚዲያኑ፣ 5,000 ነው። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ 81,000 ቢደርስ አማካዩ ወደ 20,000 ይዘላል፤ 5,000ው ግን ካለበት አይነቃነቅም። ይህን 5,000 «መካከለኛ ደመወዝ» ካልነው አንባቢ «ብዙም ትንሽም ያልሆነ» ብሎ ይረዳዋል፤ «መካከለኛ ገቢ»፣ «መካከለኛ ቁመት» የምንለው እንዲህ ነውና። ያ ግምት ነው፣ ይህ ደግሞ በቆጠራ የተገኘ ቦታ ነው። በዚያ ላይ ከአማካይ ጋር ሥሩ አንድ ስለሆነ፣ በፈተና ላይ ተማሪው አንዱን ለሌላው ቢሰጥ አይፈረድበትም።

እኔ የምወደው «አጋማሽ»ን ነው። «አጋመሰ» ብሎ «አጋማሽ»፤ «ሰ» ወደ «ሽ»፣ ያው ሕግ። ግማሹን ከበታች፣ ግማሹን ከበላይ አድርጎ የሚከፍል ማለት ነው፤ ሚዲያንም የሚሠራው ይህንኑ ነው። «የጥር አጋማሽ» ስንል ወሩን ለሁለት የሚከፍለውን ቀን እንደምናስበው ነው። አንድ መከራከሪያ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ፦ «የመጀመሪያው አጋማሽ ተጠናቀቀ» ሲባል አጋማሽ የተባለው ከፋዩ ሳይሆን የተከፈለው 45 ደቂቃ ነው። እውነት ነው፤ ልማዱም ሰፊ ነው። ለእኔ ግን ለክፍሉ «ግማሽ» አለለት፤ «አጋማሽ» በቅርጹ የከፋዩ ስም ነውና ለከፋዩ ሊመለስለት ይገባል። ልማዱ ከእኔ ጋር ባይሆንም ምርጫዬ ይኸው ነው።

ሞድ የሚባለውን አልጠየቁኝም፤ በአጭሩ «ዘውታሪ» ይበሉት። ቃሉን እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1895 ወደ ስታቲስቲክስ ሲያስገባው አዘውትሮ የሚገኘውን ዋጋ ለመሰየም ነበር፤ «ዘወተረ» ይህንን ያለ ማብራሪያ ይናገራል። በእኛ አገር «ሞድ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የልብስ ሞድ ነው።

«ውሂብ»ን በተመለከተ፣ ቃሉን ለ«ዳታ» ያቀረቡት ሰዎች ሐሳባቸው መልካም ነበር። ላቲኑ «ዳታ» የተሰጡ ነገሮች ማለት ነው፤ ግእዙ «ወሀበ» ሰጠ ማለት ነው፤ «ሀብት»ም ከዚሁ ይወጣል። ነገር ግን «ውሂብ» በሰዋስው አርእስት የሚባለው የድርጊቱ ስም ነው፣ «መስጠት» ማለት ነው። የተሰጠውን ነገር የሚሰይመው ሳድስ ቅጽሉ ነው፣ «ውሁብ»። ከግእዝ ለመበደር የተነሣ ሰው መስጠትንና የተሰጠውን ነገር መለየት ነበረበት። ይህም ቃል በኮምፒውተር ባለሙያዎች ዘንድ ሥር ሰዷልና ከእንግዲህ የሚያስመልሰው ያለ አይመስለኝም። «መረጃ ሰፊ ነው፣ ገና ያልተተነተነውን ከተተነተነው አይለይም» የሚሉት ተገቢ ነገር አላቸው፤ ለዚያ ግን «ጥሬ መረጃ» ይበቃል። «መረጃ» ከ«ተረዳ» ነው፤ «ደ»ው ወደ «ጅ» ወገን ሄዶ የመረዳት መሣሪያ ሆነ። ተማሪዎችዎ የሚያውቁትም እርሱን ነውና ርእሱን «የመረጃ አያያዝ» እንዳለ ይተዉት።