ቲቪ ላይ ይነገር ወይስ ፌስቡክ ላይ ቡስት ይደረግ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እንዴት ናችሁ? እኔና ባለቤቴ ጅማ መርካቶ አካባቢ የአልጋና የሶፋ ቤት አለን፣ በብዛት የምንሰራው የዋንዛ አልጋ ነው። ሰሞኑን አንድ ኤጀንት መጥቶ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ በቲቪ ላስነግርላችሁ አለን፣ የጠራው ብር የዓመት የሱቅ ኪራያችንን ሊያክል ምንም አይቀረው። ባለቤቴ «ቲቪ ላይ የታየ እቃ ይታመናል» ብሎ ልቡ ተነስቷል፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ «አሁን ቲቪ ማን ያያል፣ ፌስቡክ ላይ ቡስት እናድርግ» ይላል፣ ከፍለን ፖስታችን ለብዙ ሰው እንዲታይ ማለቱ ነው። እኔ መሀል ላይ ቀርቻለሁ፣ የቱ ይሻለናል?
(ባለ አልጋ ቤቷ፣ ከጅማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ብሩ ሳይወጣ በፊት መጠየቅሽ በጣም ጥሩ ነው። ቁርጡን ልንገርሽ፣ ለናንተ ቤት ቲቪው አሁን አይሆንም።

እስቲ ቲቪ ላይ እየደጋገሙ የሚያስነግሩትን አስቢያቸው፣ ባንክ ነው፣ ሳሙና ነው፣ ሪል እስቴት ነው። ቢራም ነበር፣ በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ ከቲቪና ከሬዲዮ አስወጣው እንጂ። ባንኩ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው ሳሙናው በየሰፈሩ ኪዮስክ ይሸጣል፣ ስለዚህ መቀሌ ያለ ሰውም አየው ጅጅጋ ያለ ሰውም አየው ገንዘቡ ሜዳ ላይ አልቀረም። አንቺ ግን በሳተላይት የሚተላለፍን ጣቢያ ለጅማ ሰው ብቻ አሳይልኝ ልትዪው አትችዪም፣ ደሴ ላለ ተመልካች ጭምር ነው የምትከፍዪው፣ የደሴ ሰው ደግሞ አልጋ ፍለጋ አዲስ አበባን አልፎ ጅማ ድረስ አይመጣም። በዚያ ላይ አንድ ሁለቴ ታይቶ የጠፋ ማስታወቂያ ማንም አያስታውሰውም፣ መደጋገም አለበት፣ በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ ይከፈልበታል። ኤጀንቱ የጠራላችሁ ዋጋ የአየር ሰዓቱን ብቻ ነው ወይስ ቀረጻውንም ያካትታል፣ በስንት ሰዓት ነው የሚተላለፈው የሚለውን ጠይቁት፣ ዜና ሰዓትና እኩለ ሌሊት አንድ ዋጋ አይደሉም።

ባለቤትሽ ስለ እምነት ያነሳው ነገር ግን ቀላል ነገር አይደለም። በፌስቡክና በቴሌግራም እቃ አይቶ በቴሌብር ቀብድ ልኮ የተበላው ሰው ብዙ ስለሆነ ኦንላይን የሚሸጥ ሰው ገና ሲታይ ይጠረጠራል። ይሄን ጥርጣሬ ማስወገድ ያለባችሁ ራሳችሁ ናችሁ። ከሌላ ገጽ የተወሰደ የቱርክ አልጋ ፎቶ ሳይሆን የራሳችሁን ወርክሾፕ በስልክ ቅረጹ፣ ጣውላው ሲላግ፣ እግሩ ሲገጠም፣ ቫርኒሽ ሲቀባ፣ ሰራተኛው በእጁ እየነካ ሲያሳይ። ስልክ ቁጥርና ሱቁ ከየትኛው መስጊድ ወይ ባንክ ፊት ለፊት እንደሆነ ይጻፍ። ዋጋም ይጻፍ! «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባለውን ነገር እባካችሁ ተዉት፣ ሰው ተናዶ ነው የሚያልፈው።

ወንድምሽም ቢሆን ቡስት የሚለውን ተጭኖ ብቻ ቁጭ ካለ ብሩን ይበላዋል። ፌስቡክ የሚያመጣልሽ የጠየቅሽውን ነው፣ ላይክ ከጠየቅሽው ላይክ ማድረግ የሚወዱ ሰዎችን ፈልጎ ያመጣልሻል፣ እነሱ ደግሞ አልጋ አይገዙም። ስለዚህ ግቡን መልዕክት ወይም የስልክ ጥሪ አድርጉት፣ ቦታውን ጅማ ላይ አስቀምጡና እስከ አጋሮ ድረስ ያለውን ያካትት፣ ዕድሜውንም ከ25 በላይ ብትሉት ይበቃል። ክፍያው በዶላር ካርድ ስለሆነ ብዙ ሰው በደላላ ነው የሚያስከፍለው፣ የብር ምንዛሪ በ2016 ዓ.ም ሐምሌ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ በብር ሲመነዘር ከብዷል፣ እና የከፈላችሁት ሁሉ ማስታወቂያው ላይ መዋሉን ማየት አለባችሁ። የሚያስከፍልላችሁን ልጅ አድስ ማናጀሩን፣ ማለትም የፌስቡክን የማስታወቂያ መቆጣጠሪያ፣ ከፍቶ ያሳያችሁ፣ ስንት ዶላር እንደወጣ፣ በየትኛው ከተማ እንደታየ፣ ስንት ሰው መልዕክት እንደላከ እዚያው ይታያል። ፓስወርድ ግን አትስጡት፣ ገጹ ላይ ፈቃድ ተሰጥቶት መስራት ይችላል።

ማስታወቂያውን አይቶ የሚነካው (ተጭኖ የሚከፍተው) ሰው ቢያንስባችሁም አትደንግጡ። በ1994 እ.ኤ.አ የወጣውን የመጀመሪያውን የድረ ገጽ ባነር (ገጹ ላይ የሚለጠፍ የማስታወቂያ ሥዕል) ካዩት 100 ሰዎች 44ቱ እንደነኩት ነው የሚነገረው፣ ዛሬ ግን ከ100 አንድ ሰው እንኳ የሚነካው ባነር ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ማስታወቂያ ለምዶ ዐይኑ ያልፈዋል።

አሁን ሁለታችሁም ያላነሳችሁትን ላንሳ፣ የቡና ገበሬውን ማለቴ ነው። በጅማ ዙሪያ ባሉት ሰቃ፣ ማና፣ ጎማ ወረዳዎች ያለው ገበሬ ቡናውን ሸጦ ለልጁ ሰርግ አልጋ ይገዛል፣ ስልኩ ግን ብዙ ጊዜ ባለ በተን ነው፣ ፌስቡክ አይደርስበትም። ለሱ የከተማው ኤፍኤም በአፋን ኦሮሞ ቢነግረው፣ ሐሙስ ገበያ ሲመጣም አንድ አልጋ ደጅ ወጥቶ ቢያይ ከቲቪውም ከፌስቡኩም ይበልጥበታል። የፌስቡኩንም ቪዲዮ በሁለቱም ቋንቋ አድርጉት። ጊዜውንም ምረጡ፣ ቡና ተሸጦ የጥር ሰርግ ሲቃረብ፣ ከዚያም ከረመዳን በኋላ ያለውን የሰርግ ወቅት፣ በክረምት የሚወጣ ብር ግን ትርፉ ትንሽ ነው።

በትንሽ ብር ለሁለት ሳምንት ጀምሩት፣ የገባውን ደንበኛ ሁሉ «ከየት ሰማችሁ?» እያላችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። አዲስ አበባም ሌላ ከተማም ሱቅ ስትከፍቱ የባለቤትሽ የቲቪ ሐሳብ ያኔ ይነሳ።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ ማስታወቂያ ስኪፕ ሳደርግ ባለማስታወቂያው ይከፍላል እንዴ?
(ተማሪ፣ ከጅማ)

መልስ፦ በእይታ በሚከፈልበት አሰራር ከሆነ አይከፍልም። የሚከፍለው 30 ሰከንድ ካየኸው፣ ከ30 ሰከንድ የሚያጥር ከሆነ እስከ መጨረሻው ካየኸው፣ ወይም ከነካኸው ነው። ቲቪ ላይ ግን አንተ ተነስተህ ውሃ ልትጠጣ ብትሄድም የሰከንዱ ሂሳብ ያው ነው።