ሆድ ስትዘጉ አትቸኩሉ

ውድ ወጣት ሰርጅኖች፣

ከባዱ ሥራ አልቋል። አንጀቱ ተሰፍቷል፣ ደሙ ቆሟል። ሁሉም ሰው ደክሟል። ያኔ ነው «በቃ፣ ዝጋውና እንውጣ» የሚባለው። እባካችሁ እዚች ላይ አትቸኩሉ። በኦፕሬሽን ጠባሳ ላይ የሚወጣ ሄርኒያ (አንጀት ወይም ስብ በሳሳ የሆድ ግድግዳ በኩል ገፍቶ ሲያብጥ) ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ይታይ እንጂ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሆድ ሲዘጋ ነው። እኔ አዲስ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) ብቻውን እንዲዘጋ ትቼ መውጣት የማልወደው ለዚህ ነው።

ሆድን የሚይዘው ቆዳው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ጠንካራ ሽፋን፣ ፋሺያው ነው። ቀስ ብሎ የሚሟሟ ክር ያዙና ሳታቋርጡ ስፉ። መርፌው ከፋሺያው ጠርዝ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ገባ ይበል፤ ቀጣዩ ስፌት ደግሞ በ5 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ስብና ጡንቻ አብራችሁ አትያዙ። ክሩን ከመጠን በላይ ካጠበቃችሁት ሥጋው ደም ያጣል፣ ይቆረጣል። ስትጨርሱ የተረፈውን ክር ለኩት። የገባው ከቁስሉ ርዝመት ቢያንስ 4 እጥፍ መሆን አለበት፤ 20 ሴንቲ ሜትር ቁስል 80 ሴንቲ ሜትር ክር ይበላል። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በ2015 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት እንዳሳየው፣ በትልልቅ ስፌት ከተዘጉት 21 በመቶ፣ በትንንሽ ስፌት ከተዘጉት ግን 13 በመቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ሄርኒያ ወጥቶባቸዋል።

ሁሉም ጥፋት የእጃችን አይደለም። የቁስል ኢንፌክሽን ዋናው ጠላት ነው። ውፍረት፣ ሲጋራ፣ ስኳርና የማይለቅ ሳልም አሉበት።

ሄርኒያው ከወጣ በኋላ የሚመጣችሁን ሰው በደንብ እዩት። ሲያስል ሆዱን በሁለት እጁ ይደግፋል። ሲተኛ እብጠቱ ይገባል፣ ሲቆም ይወጣል። ታዲያ ቀዳዳውን በክር ብቻ ሰፍታችሁ አትሸኙት። በ2000 በወጣ ጥናት በክር ብቻ ከተጠገኑት 43 በመቶ በ3 ዓመት ውስጥ ተመልሶባቸዋል፤ ሜሽ (ቀዳዳውን የሚደግፍ መረብ) ከተደረገላቸው ግን 24 በመቶ። ሜሹ ከሆድ ጡንቻ ጀርባ ቢቀመጥ እመርጣለሁ፤ ከቀዳዳው ጠርዝ በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይለፍ።

ጊዜ ካለ በሽተኛውን አዘጋጁት። ሲጋራውን ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ያቁም፣ ስኳሩ ይስተካከል፣ ክብደቱም ይቀንስ። እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ካመመውና ካስታወከው ግን አንጀቱ ታንቆ ሊሆን ይችላል። እሱን ጠዋት እናየዋለን ብላችሁ አታሳድሩት።