ቱርቦ ያለው መኪናና ኢ85፦ ጥያቄና መልስ

ኢ85 በአሜሪካ ማደያዎች የሚሸጥ፣ አብዛኛው ኢታኖል (የአልኮል ዓይነት) ቀሪው ቤንዚን የሆነ ነዳጅ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ያላቸውን የስፖርት መኪኖች ቲዩን የሚያስደርጉ (የሞተሩን ኮምፒውተር ቅንብር የሚያስለውጡ) ሰዎች አጥብቀው ይፈልጉታል፤ የዚያኑ ያህል በስህተት አጠቃቀም ሞተር የተቃጠለባቸውም አሉ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ወገኖች፣ እንዲሁም አንድ የአዲስ አበባ ጠያቂ ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች፣ በጋራዥ ሥራዬ ካየሁት በመነሣት እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኢታኖል ከቤንዚን ያነሰ ኃይል እንደያዘ አነበብሁ። ታዲያ መኪናው እንዴት የበለጠ ጉልበት ያገኛል?

መልስ፦ ያነበቡት ትክክል ነው፤ አንድ ሊትር ኢታኖል ከአንድ ሊትር ቤንዚን በሲሶ ያህል ያነሰ ኃይል ይዟል። ይሁን እንጂ አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ፣ ኢ85 የሚፈልገው 9.8 ኪሎ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ ሞተሩ በሳበው በዚያው አየር ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላልና ጉድለቱ በዚህ ይካካሳል። ዋናው ትርፍ ግን ከማቀዝቀዙ ይገኛል። ቱርቦ አየሩን ሲጨምቀው ያሞቀዋል፤ ድብልቁ ከልክ በላይ ሲሞቅ ደግሞ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት ከፊሉ በራሱ ይፈነዳል። ሞተሩ አንኳኳ የምንለው ይህንን ነው፤ ፒስተን የሚበሳውም እርሱ ነው። ኢታኖል በባሕርዩ ማንኳኳትን ይቋቋማል፤ በዚያ ላይ ሲተን በዙሪያው ካለው አየር የሚወስደው ሙቀት ቤንዚን ከሚወስደው ከእጥፍ በላይ ነው። በዚህ ምክንያት ባለሙያው የቱርቦውን ግፊት ከፍ ማድረግና የካንዴላውን ብልጭታ ማስቀደም ይችላል። ነዳጁ ፈቃድ ይሰጣል እንጂ ጉልበቱን በራሱ አያመጣም፤ የኮምፒውተሩ ቅንብር ሳይቀየር ኢ85 የቀዳ ሰው ያተረፈው ነገር የለም።

ይህንን ፋብሪካዎቹም ያውቁታል። የስዊድኑ ኮኒግሰግ በ2007 ያወጣው ሲሲኤክስአር በኢ85 1,018 የፈረስ ጉልበት ሲያወጣ፣ በቤንዚን የሚሄደው ወንድሙ ሲሲኤክስ 806 ነበር። የ2023ቱ ዶጅ ዲመን 170ም በኢ10 (10 በመቶ ኢታኖል ባለው ቤንዚን) 900፣ በኢ85 1,025 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ነው። ቲዩን ከማስደረጌ በፊት ምን መቀየር አለብኝ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የነዳጁ መስመር ይታይ። ለዚያው ጉልበት ኢ85 በመጠን ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል። ኢንጀክተርዎ (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) በቤንዚን፣ በሙሉ ጭነት፣ ከጊዜው 70 በመቶውን ክፍት ሆኖ የሚቆይ ከሆነ፣ 70ን በ1.4 ሲያበዙት 98 ይመጣል፤ ይህ ማለት ኢንጀክተሩ ለመዘጋት ፋታ አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ትልልቅ ኢንጀክተሮች፣ እንዲሁም ለኢታኖል የተሠራ ብዙ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋሉ። ሁለቱ አብረው ካልተቀየሩ ሥራው ግማሽ ነው። አንድ ደንበኛ ሌላ ጋራዥ ኢንጀክተሩን ቀይሮ የድሮውን ፓምፕ የተወለትን መኪና አምጥቶልኝ ነበር፤ በዝቅተኛ ዙር ሁሉም ነገር ደህና ነበር፣ በ6,000 ዙር ግን የነዳጁ ግፊት ይወድቃል፣ ድብልቁም ይሳሳል፣ ማለትም ነዳጁ ለአየሩ ያንሳል። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ባነሣነው ጊዜ ሦስተኛው ፒስተን ጠርዙ ቀልጦ አገኘነው። ከዚያ ወዲህ የነዳጅ ግፊት ሴንሰር ያላስገባ መኪና ለኢ85 አላስተካክልም።

ካንዴላውንም ጉልበቱ ከፍ ካለ በአንድ ደረጃ ቀዝቃዛ በሆነ፣ ማለትም ሙቀቱን ቶሎ በሚያስወጣ፣ መለወጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ማደያው ላይ 85 ተብሎ ከተጻፈ 85 በመቶ ኢታኖል ነው ብዬ ማመን እችላለሁን?

መልስ፦ አይችሉም። በአሜሪካ ደረጃ መሠረት በዚህ ስም የሚሸጠው ነዳጅ የኢታኖል መጠኑ ከ51 እስከ 83 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ በክረምት ዝቅ፣ በበጋ ከፍ ይላል። በሐምሌ በ80 በመቶ የተስተካከለ ሞተር በጥር 60 በመቶ ሲቀዳለት ያው ግፊትና ያው ብልጭታ ሊያንኳኳው ይችላል።

መፍትሔው በነዳጁ መስመር ላይ የሚገባ የኢታኖል ሴንሰር ነው። የተለመደው ሴንሰር በሰከንድ ከ50 እስከ 150 ምት ያለው ምልክት ይልካል፤ 50 ምት ንጹሕ ቤንዚን፣ 150 ምት ንጹሕ ኢታኖል ነው። ኮምፒውተሩ ይህንን አንብቦ የነዳጁን መጠን፣ ብልጭታውንና የቱርቦውን ግፊት በራሱ ያስተካክላል። ሴንሰር የሌለው ሰው ደግሞ በመስፈሪያ ብርጭቆ 50 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ በላዩም 50 ሚሊ ሊትር ነዳጅ ጨምሮ ይነቅንቅ፤ ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ወደ ውኃው ይወርዳል። የታችኛው ክፍል ወደ 90 ከፍ ካለ፣ ከ50ው 40ው፣ ማለትም 80 በመቶ ያህሉ ኢታኖል ነው። ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ መሠራት እንዳለበት መንገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ግን ተናግሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ፓምፕና ኢንጀክተር ሳልቀይር ከፕሪሚየም (ከፍ ያለ ደረጃ ካለው ቤንዚን) ጋር እየቀላቀልሁ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ብዙዎች 30 በመቶ አካባቢ ያደርሱታል፤ በቅንብሩ ከታሰበበትና ፓምፑ ከቻለ መጥፎ ምርጫ አይደለም። 12 ጋሎን ሲሞሉ 3.5 ጋሎን ኢ85 እና 8.5 ጋሎን 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ፕሪሚየም ቢቀላቅሉ 30 በመቶ ገደማ ያገኛሉ፤ ይህ ግን ኢ85ው 80 በመቶ ከሆነ ነው። 55 ከሆነ 23 በመቶ ብቻ ይሆንብዎታል።

ጥያቄ፦ ሴንሰር የለኝም፤ በኢ85 የተስተካከለ መኪናዬ ላይ ወንድሜ በስህተት ቤንዚን ሞላበት። ልንዳው?

መልስ፦ አይንዱት። በሳልባትዮው (በታንኩ) ያለውን ነዳጅ ያስወጡ፤ ወይም የቤንዚን ቅንብርዎን ይጫኑ።

ጥያቄ፦ በክረምት ጠዋት ለመነሣት ለምን ያስቸግራል?

መልስ፦ ኢታኖል በቅዝቃዜ በቀላሉ አይተንም፤ የማይተን ነዳጅ ደግሞ አይቀጣጠልም። ማደያዎቹ በክረምት ቤንዚኑን የሚያበዙት ለዚህ ነው። በብራዚል በአልኮል የሚሄዱ መኪኖች ለማስነሻ ብቻ የሚሆን ትንሽ የቤንዚን ታንክ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ይይዙ ነበር። ለእኛ የሚበጀው በማስነሻው ጊዜ የሚረጨውን ነዳጅ በቅንብሩ መጨመርና ባትሪውን ጠንካራ ማድረግ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ አገራችን ኢታኖል ታመርታለች። ከዚያ ወይም፣ ቀልዴን አይደለም፣ ከካቲካላ መቀላቀል አይቻልምን?

መልስ፦ ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ የተመረተ ኢታኖል፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ሆኖ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል እንደነበር አይዘነጋም። ካቲካላን በተመለከተ ችግሩ ውኃው ነው። ግማሽ ያህሉ ውኃ የሆነ መጠጥ ከቤንዚን ጋር አይዋሐድም፤ ከታች ተለይቶ ይተኛል፣ ፓምፑም መጀመሪያ የሚስበው እርሱን ነው። ደጋግሞ በማጣራት የሚገኘው አልኮል እንኳ 95 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል፤ የቀረውን ውኃ ለማውጣት ሌላ የኬሚስትሪ ሥራ ይጠይቃል። ካቲካላው ለሠርግ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮና ሕጉስ?

መልስ፦ ኢታኖል በመስመሩ የቆየውን ቆሻሻ ስለሚያጥብ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሙላቶች በኋላ ፊልትሮውን ይቀይሩ። በአጭር አጭር መንገድ የሚነዳ መኪና ነዳጅና ውኃ ወደ ዘይቱ ስለሚገባበት ዘይቱን ቀደም ብሎ መለወጥ ይበጃል። ለወራት የሚያቆሙት ከሆነ የመጨረሻውን ሙላት በቤንዚን ያድርጉ። ስለ ሕጉ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ2001 ወዲህ ለተሠሩ ተራ መኪኖች የፈቀደው እስከ 15 በመቶ ኢታኖል ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ከፋብሪካው ፍሌክስ ፉዩል (በቤንዚንም በኢ85ም የሚሄዱ) ሆነው ለተሠሩት ብቻ ነው። ዋስትና ያለው መኪና የያዘ ሰው ይህን አስቀድሞ ያመዛዝን።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ወደ ሥራ ለምነዳው መኪና ይመክሩኛልን? ኢ85 ያለው ቅርቡ ማደያ 25 ማይል ይርቀኛል።

መልስ፦ አልመክርዎትም። በአንድ ሙላት የሚሄዱት ርቀት ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል፤ መኪናዎ በኢ85 በጋሎን 18 ማይል ቢሄድ ለመቅዳት ሄዶ ለመመለስ ብቻ 3 ጋሎን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነዳጅ ይፈጃል።