ምስክር ስትሰሙ

ልጆች፣ እኔ የጥብቅና እንጀራ በልቼ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ወጣት ሳለሁ ምስክር ቀን ሲሳሳት ደስ ይለኝ ነበር። "ይቺን ከተሳሳተ ሌላውም ውሸት ነው" ብዬ አፋጥጠዋለሁ። ዛሬ ያሳፍረኛል።

የትሬብሊንካን ጉዳይ አንብቡ። ፖላንድ ውስጥ ናዚዎች ለመግደል ብቻ የሠሩት ካምፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 ብቻ 800 ሺህ ያህል አይሁዳውያን፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ አልቀውበታል። ከባቡር የሚወርዱት እንዳይደነግጡ የውሸት ጣቢያ ተሠራላቸው፤ የቲኬት መስኮት ሁሉ ነበረው፣ ሰዓቱም በቀለም የተሳለ ስለሆነ አይንቀሳቀስም። ኩርት ፍራንዝ የሚባለው ሹም ውሻውን በእስረኛ ላይ ይለቅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቤቱ ሲፈተሽ የዚያ ዘመን የፎቶ አልበም ተገኘ። ርዕሱ "መልካም ጊዜያት" ይላል። ይታያችሁ!

አሁን ወደ እኛ ሙያ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1987 ኢየሩሳሌም ውስጥ ጆን ደምያንዩክ የሚባል ሰው "የትሬብሊንካው ጨካኙ ኢቫን፣ የጋዝ መግደያ ክፍሉን ያንቀሳቅስ የነበረው ጠባቂ አንተ ነህ" ተብሎ ለፍርድ ቀረበ። ከካምፑ የተረፈው ኤሊያሁ ሮዘንበርግ መነጽርህን አውልቅ አለው፣ ዓይኑን ቀርቦ አየ፣ ያለ ጥርጥር እሱ ነው አለ። ሌሎችም መሰከሩ፤ ሞት ተፈረደበት። በ1993 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጻ ለቀቀው፤ የሶቪየት መዛግብት ሲከፈቱ የቀድሞ ጠባቂዎቹ ቃል ኢቫን ማርቼንኮ የሚባል ሌላ ሰው ይጠራ ነበርና። ሮዘንበርግ ራሱ በ1947 በሰጠው ቃል ኢቫን ተገድሏል ብሎ ነበር።

እና ሽማግሌው ዋሸ? አልዋሸም። ለመለየት ከቀረቡለት ፎቶዎች የተከሳሹ ተለቅና ጎላ ያለ ነበር፣ ይህ የመርማሪው ስንፍና ነው። ደግሞ ፊቱን ተሳሳተ ማለት ጋዙን ተሳሳተ ማለት አይደለም። (ደምያንዩክም ንጹሕ አልነበረም፤ በ2011 ሙኒክ ላይ ሶቢቦር በሚባል ሌላ የናዚ መግደያ ካምፕ ጠባቂነቱ ተፈርዶበታል፣ ይግባኙ ሳይታይ ሞተ።)

ስለዚህ ማን እንደሆነ ከጠየቃችሁ በኋላ አትቸኩሉ፣ የምስክሩ እጅ ምን እንደነካ ጠይቁ። ከሞት የተረፈው ሳሙኤል ዊለንበርግ ትሬብሊንካ ውስጥ የሟቾችን ልብስ እንዲለይ ተመድቦ ነበር። አንድ ቀን ክምሩ ውስጥ የታናሽ እህቱን ኮት አየ። እጅጌው አጥሮባት እናታቸው በአረንጓዴ ከፋይ ቀጥላላት ነበር።